ስኳር ዘሩን ያስታውሳልን?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል ያገራችን ሰው። ፈረሰኛው ልጓሙን ጨብጦ ቢይዝ፣ አሠልጣኙ ቢደክም፣ በመጨረሻ የሚያሸንፈው አባትና እናት ነው ማለቱ ነው። ባደግሁበት ሰፈር ይህን ተረት የሚጠራጠር ሰው አላየሁም። ሙሽራ ሲታጭ፣ ሠራተኛ ሲቀጠር፣ ላም ስትገዛ፣ ቅቤ ሲሸመት ሳይቀር በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ከየት ነው?» የሚለው ነበር። ለላም ጥሩ ጥያቄ ነው። ለሰው ግን ስንት ግፍ እንደ ሠራ እናውቃለን። እኔ ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ላነሣ የፈለግሁት ስለ ላምም ስለ ሰውም አይደለም፤ በዓይን ስለማትታይ ስለ አንዲት የስኳር ሞለኪውል ነው። ለመሆኑ አንድ ነገር ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራው፣ በምን መሣሪያ እንደ ተሠራ የነገሩ ባሕርይ አካል ነውን? ወይስ የመጣበትን መንገድ ከኋላው ጥሎ፣ ዛሬ በሆነው ብቻ ሊዳኝ ይገባዋል?

ነገሩን የጫረብኝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የዴቪስ ቅርንጫፍ ኬሚስት የሆኑት ሺ ቼንና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት የአሠራር መመሪያ ነው። መመሪያው ሦስት ኢንዛይሞችን ባንድ ማሰሮ ጨምሮ ስኳር ስለ መሥራት ይናገራል። «ማሰሮ» ስል ቀልዴን አይደለም፤ ኬሚስቶቹ ራሳቸው «የአንድ ማሰሮ አሠራር» ነው የሚሉት፣ ምንም እንኳ ዕቃው ከጣት የማይበልጥ የላስቲክ ቱቦ ሊሆን ቢችልም። ስኳሩም ሻይ ውስጥ የምንጨምረው አይደለም። የእያንዳንዱ ሕዋሳችን ገጽ እንደ ቡቃያ ማሳ ነው፤ የስኳር ሰንሰለቶች በቅለውበታል። በብዙዎቹ ሰንሰለቶች ጫፍ ላይ ሲያሊክ አሲድ የምትባል ስኳር ተቀምጣለች። ሕዋስ ከሕዋስ የሚተዋወቀው በከፊል በእርሷ ነው። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስም ወደ ሕዋሳችን ሲገባ መጀመሪያ የሚጨብጠው እርሷን ነው። በእናት ጡት ወተት ውስጥም ከላክቶስ ጋር ተያይዛ ትገኛለች።

እንዲህ ያለውን ስኳር በተለመደው ኬሚስትሪ መሥራት ፈተና ነው። ስኳር ብዙ እጆች አሏት፤ እጆቿም መንትዮች ይመስላሉ። ኬሚስቱ አንዱን እጅ ብቻ ከጎረቤት ጋር ማያያዝ ሲፈልግ ሌሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይሸፍናል፤ ካያያዘ በኋላ ደግሞ አንድ በአንድ ይገልጣል። በየእርምጃው የሚባክን አለ። ኢንዛይም ግን ትክክለኛውን እጅ ሳይሸፋፍን ለይቶ ይይዛል።

በቼን ማሰሮ ውስጥ የመጀመሪያው ኢንዛይም ማኖዛሚን ከሚባል ስኳርና ፓይሩቬት ከሚባል ትንሽ አሲድ ሲያሊክ አሲድን ይገጥማል። ሁለተኛው በእርሷ ላይ ሲ.ኤም.ፒ. የሚባል እጀታ ይተክላል። ሦስተኛው እጀታውን ይዞ ስኳሯን ወደ ሌላ ስኳር፣ ለምሳሌ ወደ ላክቶስ፣ ያሻግራታል። ታዲያ ሦስቱን በሦስት ዕቃ ከማሠራት ባንድ ማሰሮ ማድረጉ ለምን? ድካም ለመቀነስ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ኢንዛይም ሥራ ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ነው፤ የሠራውን መልሶ ይፈታል። ሁለተኛው አጠገቡ ቆሞ ምርቱን እየተቀበለ ሲያሳልፍለት ግን የሚፈታው ነገር ስለማያገኝ ሥራው ወደ ፊት ብቻ ይሳባል። ደግሞም እጀታ የተተከለባት ስኳር ቶሎ የምትበላሽ ስለሆነች ተለቅማ እስክትቀመጥ መጠበቅ ኪሳራ ነው።

ይህን ለማስረዳት የውጭ ምሳሌ ፍለጋ መሄድ አያስፈልገንም። ጠላ ጠማቂ እናቶቻችን በጋን ሲሠሩት የኖሩት ነው። የብቅሉ ኢንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይሰብራል፤ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ከእጁ እየነጠቀ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ስኳሩ እስኪጠራቀም የሚጠብቅ የለም። ልዩነቱ፣ ጋኑ ውስጥ ስንት ዓይነት ረቂቅ ሠራተኛ እንዳለ ጠማቂዋ አትቆጥርም፤ የኬሚስቷ ማሰሮ ግን የገባው ሁሉ በስሙ የተመዘገበበት ነው። ይህን ልዩነት አንባቢ ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሌላም ነገር አለ። እነዚህ ሦስት ኢንዛይሞች ሆደ ሰፊ ናቸው። መነሻ የሆነው ማኖዛሚን በአንድ ጎኑ ትንሽ ቢለወጥ፣ ተፈጥሮ የማታውቀው ጭራ ቢቀጠልበት እንኳ፣ «ይህ የእኛ አይደለም» ብለው አይመልሱትም፤ ተቀባብለው ያሳልፉታል። ስለዚህ ከዚያው ማሰሮ የተሻሻሉ ስኳሮች ይወጣሉ፤ አንዳንዶቹ በፍጥረት ውስጥ ከዚህ ቀደም ያልነበሩ፣ ሳይንቲስቱ ሌላ ነገር ሊያንጠለጥልባቸው የሚችል መንጠቆ ያላቸው። ማሰሮው የተወደደውም በይበልጥ በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ዘር ቆጠራው ልግባ። ሦስቱ ሠራተኞች ከየት መጡ? የመጀመሪያው ኢ. ኮላይ ከሚባለው፣ በአንጀታችን ከሚኖረው፣ አንዳንድ ዘመዶቹም ክፉ ተቅማጥ ከሚያስይዙት ባክቴሪያ ነው። ሁለተኛው ከማጅራት ገትር ባክቴሪያ ነው። ሦስተኛው ከብትና ዶሮ ከሚፈጀው ከፓስቴሬላ መልቶሲዳ ነው፤ «መልቶሲዳ» የሚለው የላቲን ስም ትርጉሙ «ብዙ ገዳይ» ማለት ነው። እርግጥ ነው ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው ማሰሮው ውስጥ አይገቡም። የኢንዛይሙ ዘረ መል ተቀድቶ ጉዳት በማያደርስ የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ የሚመረተው ፕሮቲን ተለይቶ ይወጣል። ቢሆንም የሙያው ምንጭ እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ሙያውንስ ለምን ፈለጉት? መልሱ የሚያስደነግጥ ነው። የኢ. ኮላይ ኢንዛይም በተፈጥሮው ገንቢ አይደለም፤ የእኛን ሲያሊክ አሲድ ሰብሮ ለባለቤቱ ቀለብ የሚያደርግ አፍራሽ ነው። ላቦራቶሪው ፓይሩቬት አብዝቶ እየሰጠ ወደ ኋላ ያስኬደዋል እንጂ። የማጅራት ገትሩ ባክቴሪያ ደግሞ ሙያውን የፈለገው ለካባ ነው። በተለይ «ቢ» የሚባለው ዓይነት ከራስ እስከ እግሩ የሚለብሰው የሲያሊክ አሲድ ካባ በእኛ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ካለው ሰንሰለት ጋር አንድ ነው። የሰውነታችን ዘበኛ ሲያየው የቤቱ ሰው ይመስለዋል፤ ያሳልፈዋል። በዚሁ ምክንያት ለ«ቢ» ዓይነት ከካባው ክትባት መሥራት አልተቻለም፤ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆኗል። በ1981 ዓ.ም. አገራችንን የመታው ወረርሽኝ በ«ኤ» ዓይነት የመጣ ነበር። የእርሱ ካባ ከሲያሊክ አሲድ ሳይሆን ከማኖዛሚን የተሠራ ነው፤ ማለትም የቼን ማሰሮ ከሚነሣበት ስኳር። ለሰውነታችን እንግዳ ስለሆነም ክትባት ሊሆን ቻለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከቡርኪና ፋሶ ተነሥቶ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ የተሰጠው ክትባት የተሠራው ከዚያ ከገዳዩ ካባ ነው።

እንግዲህ በማሰሮው ውስጥ የሚሠሩት አንድ ቀማኛና ሁለት ገዳዮች ያፈሯቸው መሣሪያዎች ናቸው። የሚሠሩት ግን የእናት ጡት ወተት ስኳር ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ለሚል ሰው ይህ ሊያስጨንቀው ይገባል። ከሦስተኛው ኢንዛይም ጋር ደግሞ ተረቱ እውነት የሚመስልበት ጊዜ አለ። ይህ ኢንዛይም ስኳሯን ያሻግራታል ብያለሁ፤ ነገር ግን ጊዜ ከተሰጠው ያሻገራትን መልሶ ይቆርጣታል። በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላው ይነሣል። ስለዚህ ኬሚስቱ ሰዓት ይዞ ሥራውን በጊዜው ማቆም አለበት፤ ካመሸ ማሰሮው ባዶ ይሆናል። በኋላ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ እነቼን ከፕሮቲኑ አንዲቱን አሚኖ አሲድ ለውጠው የማፍረስ ጠባዩን በእጅጉ ቀነሱት። እዚህ ላይ ልጓሙ ዘሩን ስቧል ማለት ነው።

ሰውነታችንስ «ከየት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል? አይጠይቅም። የሚጠይቀው «ምንድን ነህ?» ብሎ ነው። በሬ፣ ፍየል፣ በግ፣ አሳማ ከእኛ ሲያሊክ አሲድ በአንድ የኦክስጅን አቶም ብቻ የምትበልጥ ስኳር አላቸው። እኛ ይህችን ስኳር የሚሠራልንን ዘረ መል ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አጥተናል። ሥጋ ስንበላ ጥቂቷ ወደ ሕዋሶቻችን ትገባለች፤ ደማችን ውስጥ ያለው አንቲቦዲም እንግድነቷን ያውቃል። አሁን በቼን ማሰሮ ውስጥ መነሻው ማኖዛሚን በዚያች አንድ ኦክስጅን ቢበልጥ፣ ያው ሦስቱ ኢንዛይሞች የእንስሳውን ስኳር ይሠራሉ። በሬ ያላየችው፣ ቄራ ያልነካት ይህች ስኳር ለአንቲቦዲው ከክትፎ ከመጣችው አትለይም። በተቃራኒው ገዳዩ ባክቴሪያ የእኛን ስኳር ለብሶ ሲመጣ «ግባ» ይባላል። መነሻን ሳይጠይቁ በመልክ ብቻ የመዳኘት ጥቅሙም አደጋውም በዚህ በሰውነታችን ደጅ ላይ ይታያል።

እስከ አሁን የጻፍሁት የሊቃውንት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ጉዳዩ ሰው ቤት የሚገባው በሄፓሪን ነው። ሄፓሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። እርሱም ብዙ ሰልፌት የተለጠፈበት፣ የተሻሻለ የስኳር ሰንሰለት ነው። ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1916 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ለግኝቱ በር የከፈተው ከውሻ ጉበት ነበር። ስሙም ጉበት ከሚለው የግሪክ ቃል መጣ። በኋላ ከበሬ ሳንባ፣ ዛሬ ደግሞ በአብዛኛው ከአሳማ አንጀት ይወጣል። የልብ ቀዶ ጥገና ያለ እርሱ አይታሰብም፤ ኩላሊቱን በመሣሪያ የሚያሳጥብ ሰው ዘወትር ያገኘዋል። አገሩ ሙሉ አሳማ በማይበላበት፣ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አንድ ነገር በሚስማማበት በኢትዮጵያ፣ በየሆስፒታሉ የሚወጋው ይኸው ነው።

አንዲት አክስት አሉኝ፤ ዓርብና ረቡዕ የማይዘነጉ ጿሚ ናቸው። ከዓመታት በፊት እግራቸው ላይ ደም ረግቶ በከተማችን ባለ አንድ ሆስፒታል ተኙ። በየቀኑ ከእምብርታቸው ጎን አንድ መርፌ ይወጋሉ። ከአጠገባቸው የተኛች ሴት ምን እንዳለቻቸው አላውቅም፤ አንድ ጠዋት ነርሷን ያዟት።

«ልጄ፣ ይሄ መርፌ ከምንድን ነው የተሠራው?»

«መድኃኒት ነው እማማ።»

«መድኃኒት መሆኑንማ አውቃለሁ። ከምን ተሠራ ነው ያልሁሽ።»

ነርሷ «እሱን ዶክተሩን ይጠይቁ» ብላ ሄደች። ዶክተሩም ለጥያቄው ጊዜ አልነበረውም። በመጨረሻ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ዝም አሉ። የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው ጠየቁ። ቄሱ ነፍስ ለማዳን ነውና ይውሰዱት አሏቸው። ወሰዱት፤ ዳኑም። እኔን የገረመኝ ግን ከቄሱ ፈቃድ በኋላ ያሉት ነው፤ «እወስዳለሁ። አልወስድም አላልሁም። ሰው ግን ወደ ሥጋው የሚያስገባውን ይነገረው እንጂ!»

በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ይኸው ጉዳይ የቆየ መልስ አለው። አንደኛው ጭንቅ ሲመጣ የተከለከለው ይፈቀዳል የሚለው ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ፍልስፍና አለው፤ ኢስቲሃላ ይሉታል፣ የባሕርይ መለወጥ ማለት ነው። ወይን ጠጅ ወደ ኮምጣጤ ሲለወጥ ይነጻል። ከጥንት ጀምሮ የሚሰጥ ምሳሌም አለ፤ የጨው ማዕድን ውስጥ ወድቆ ሙሉ በሙሉ ጨው የሆነ እንስሳ ጨው ነው እንጂ እንስሳ አይደለም የሚሉ አሉ። የማይቀበሉትም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በኩዌት የተሰበሰቡ የሕግ ሊቃውንትና ሐኪሞች ይህንኑ መሠረት አድርገው ባሕርያቸው ፈጽሞ ስለ ተለወጠ ነገሮች መክረዋል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሄፓሪን ከአሳማው አንጀት ሲወጣ ይጣራል እንጂ አይለወጥም። እዚያም ሄፓሪን ነበር። ጨው የሆነው እንስሳ ምሳሌ እዚህ በቀላሉ አይገጥምም።

ይህን ሁሉ ለአንድ ኬሚስት ወዳጄ ሳጫውተው ሳቀብኝ። «ካርቦን ካርቦን ነው፤ ሞለኪውል ትዝታ የለውም» አለኝ። አባባሉ ያምራል፤ ፍጹም እውነት ግን አይደለም። ሸንኮራ አገዳ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ የእኛም ጤፍ፣ ከአየር ካርቦን የሚይዙበት መንገድ ከስንዴ፣ ከገብስና ከስኳር ድንች ይለያል። ስለዚህም ከባድ የሆነው የካርቦን ዓይነት በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ውስጥ በጥቂቱ ይበዛል። ንቦች የሚቀስሟቸው አበቦች በአብዛኛው ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ስለዚህ ማር ሻጭ «ንጹሕ የጫካ ማር» ብሎ የወንጂ ስኳር ቢቀላቅልበት፣ ላቦራቶሪ በካርቦኑ መጠን ይደርስበታል። አንዲት የስኳር ሞለኪውል ለብቻዋ ምንም አታስታውስም፤ በሚሊዮን በሚሊዮን ሲሰበሰቡ ግን ዘራቸውን ይናገራሉ። ከባክቴሪያ የተገኘ ኢንዛይምም የራሱን ትዝታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ በደንብ ካልጠራ የባክቴሪያው ገጽ ስብርባሪ አብሮት ይመጣና ትኩሳት ያስነሣል። የጠራው ስኳር ንጹሕ ነው፤ «ጠርቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ግን «ከየት መጣ?» ከሚለው አይነጠልም።

ሆኖም ስኳሩ የሚያስታውሰው ተክሉን ነው፤ አገዳውን የቆረጠውን ሰው አያስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1791 እንግሊዝ አገር ብዙ ቤተሰቦች በካሪቢያን ደሴቶች ባሮች ያመረቱትን ስኳር አንቀምስም ብለው ተዉ። በምንም ሚዛን ብትመዝኑት ባሪያ ያመረተው ስኳርና ነጻ ሰው ያመረተው ስኳር አንድ ነው። ጣዕሙም አንድ ነው። እነዚያ ሰዎች ተሳስተው ነበርን? አይመስለኝም። እነርሱ ስለ ሞለኪውሉ አልተናገሩም። የተናገሩት በሻይ ሲኒያቸውና በዚያ በሚገረፈው ሰው መካከል ስላለው መንገድ ነው።

አሁን ይህን ከእኛው ማሰሮ ጋር አስተያዩት። የሸክላውን ማሰሮ ማለቴ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ «ቡዳ» እየተባሉ ከሰው ተራ ወጥተው ኖረዋል። በጎንደር ቤተ እስራኤሎች ይህን ስድብ ከሙያቸው ጋር ተሸክመውታል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ በአዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ማሰሮው ግን የመኳንንቱ ጓዳ ገባ፤ የካህኑም ወጥ ተሠራበት። ማንም «ይህ ማሰሮ ከማን እጅ ወጣ?» ብሎ ወጡን አልደፋም። ዕቃው ነጻ፣ ሠሪዋ ርኩስ! ከዚህ የባሰ የሐሳብ ዝብርቅ አላውቅም። ጥያቄው ለማወቅ አልተጠየቀም፤ ሴትዮዋን ከማዕድ ለማራቅ እንጂ።

እንግዲህ «ከየት ነው?» የሚለው አንድ ጥያቄ አይደለም። ወደ ታች የሚጠየቅ አለ፤ ደካማውን በትውልዱ ለመናቅ። ወደ ላይ የሚጠየቅም አለ፤ ባለጸጋውን፣ አምራቹን፣ ሐኪሙን «ይህ በምን መንገድ መጣ፣ ተጠያቂውስ ማነው?» ለማለት። የመጀመሪያውን በማሰሮው ላይ፣ ማለትም በገዳዮቹ ባክቴሪያዎች መሣሪያ ላይ፣ ብናነሣው የሸክላ ሠሪዋን ግፍ መድገም ነው። ያ ኢንዛይም «ብዙ ገዳይ» ስለ ወለደው የሚያፍርበት ነገር የለውም። ሁለተኛውን ማንሣት ግን ግዴታችን ይመስለኛል፤ አልተነሣም ሲባል ምን እንደሚደርስም ታይቷል።

ያየነው እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሄፓሪን የተወጉ ሰዎች ደማቸው ባንድ ጊዜ ይወርድ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ሲመረመር ከቻይና በመጣው ጥሬ ሄፓሪን ውስጥ ሌላ ስኳር ተቀላቅሎ ተገኘ። ይህም ከእንስሳት መገጣጠሚያ የሚገኝ ኮንድሮይቲን የሚባል ርካሽ ስኳር ሲሆን፣ ሰው ሆነ ብሎ ሰልፌት የጨመረበት ነው። እርሱም እንግዲህ የተሻሻለ ስኳር መሆኑ ነው! በዚያን ሰሞን በቻይና የአሳማ በሽታ ገብቶ ዋጋው ንሮ ነበር። የወቅቱ የጥራት ፈተና «ደም እንዳይረጋ ታደርጋለህ?» ብቻ ይል ስለነበር፣ ይህ አስመሳይ «አዎ» ብሎ አለፈ። ልክ እንደ ካባ ለባሹ ባክቴሪያ። የተያዘውም ይበልጥ ረቂቅ በሆነ መሣሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ፈተናዎቹ ጠበቁ። የአሳማው አንጀት ግን ከስንት ትንንሽ ቄራ፣ በስንት ነጋዴ እጅ እንደሚያልፍ ያየ ሰው የሚተማመነው በፈተናው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ማሰሮው ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ የገባበት ሁሉ በስሙ የተመዘገበበት ማሰሮ። ጂያን ሊዩና ሮበርት ሊንሃርት ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 አጫጭር የሄፓሪን ሰንሰለቶችን በኢንዛይም ሠርተው አሳዩ፤ በ10ና በ12 እርምጃ። በንጹሕ ኬሚስትሪ የሚሠራውና ከአሳማ ነጻ የሆነው ፎንዳፓሪነክስ የተባለው ዘመዱ 50 ያህል እርምጃ ይፈጃል። እውነቱን ለመናገር የእነሊዩ አሠራር ሁሉም ባንድ ማሰሮ የሚያልቅ አልነበረም፤ ደረጃ በደረጃ የሚሄድ ነው። ዘመዶቹን ስኳሮች ባንድ ማሰሮ መሥራት ግን ተለምዷል። እዚህም ቢሆን ሙያው ከማን ተወሰደ ቢባል፣ ሰንሰለቱን ከሚያረዝሙት ኢንዛይሞች መካከል ከኢ. ኮላይና ከዚያው ከፓስቴሬላ የመጡ አሉ። ሁለቱም የሄፓሪንን ጥሬ ሰንሰለት ካባ አድርገው ሰውንና እንስሳን ሲያታልሉ የኖሩ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዛሬም ዓለም የሚወጋው ሄፓሪን አብዛኛው ከአሳማ አንጀት ነው። በብዙ ቶን የሚፈለገውን በኢንዛይም አምርቶ በዋጋ መወዳደር ገና ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አክስቴ ይወጉት የነበረው መርፌ በሚመጣበት ካርቶን ውስጥ እንደ ጸሎት መጽሐፍ የታጠፈች ስስ ወረቀት አለች። ከአሳማ አንጀት መሆኑ እዚያ ላይ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል። ነገ ከማሰሮ የወጣው ቢመጣ ነጋዴው «ከአሳማ ነጻ» የሚለውን በትልቁ ጽፎ ሌላውን እንደሚዘለው አልጠራጠርም። እኔ ግን ሁሉም እንዲጻፍ እሻለሁ። ኢንዛይሞቹ ከየትኞቹ ባክቴሪያዎች እንደ ተቀዱ፣ መነሻው ስኳር ከምን እህል እንደ ተገኘ፣ በምን እንደ ጠራ፣ ያጠራውና የፈተነው ማን እንደ ሆነ፣ በአማርኛ፣ መነጽር በሚያነብበው ፊደል። ይህን ያነበበ በሽተኛ «የማጅራት ገትር» የሚለውን ቃል አይቶ ደንግጦ መድኃኒቱን ሊተው እንደሚችል አውቃለሁ። ያኔ ነርሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ልታስረዳው ጊዜ ይኖራት ይሆን?